ዲንጎን ከእርሻ ውሾች ጋር ማሳደግ

ዲንጎ የአውስትራሊያ የዱር ውሻ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከሰው ጋር በባሕር ተሻግረው እንደደረሱ ይታመናል፤ በናላርቦር ሜዳ በማዱራ ዋሻ የተገኘው አጥንቱ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ምርጫ ሳይገባበት በዱር ሲራባ ኖሯል። ያደገው ዲንጎ በአማካይ 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀለሙ በአብዛኛው ቀይ ዳማ ሲሆን፣ ጥቁር፣ ክሬምና ነጭም ይገኝበታል። በመጠን በአገሩ በጎችን ከሚነዳው ኬልፒ ከተባለው ውሻ ብዙ አይርቅም። ከእርሻ ውሾች መካከል ሲያድግ ችግር የሚያመጣው ይህ መመሳሰል ነው፤ ባለቤቱ መልኩን አይቶ ጠባዩንም እንደ ውሻ ይገምታል።

የዱር ቡችላ ወደ እርሻ የሚገባው ብዙ ጊዜ እናቱ ስትሞት ነው። በጎች በሚረቡባቸው አካባቢዎች ዲንጎ በጥይት፣ በወጥመድና 1080 በሚባለው መርዝ ይገደላል። ጉድጓድ ውስጥ የቀሩትን ግልገሎች ያገኘ ገበሬ ወይም የእርሻ ሠራተኛ አንዱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። መነሻው ርኅራኄ ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ግን የሕግ፣ የጤናና የጠባይ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ማንነቱን ማረጋገጥ ነው። በ2019 በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በዋንዲሊጎንግ አንድ ግልገል በአንድ ቤት ጓሮ ተገኘ። ጀርባው ላይ የጥፍር ጠባሳ ስለነበረ አዳኝ አሞራ ጥሎት እንደሄደ ተገመተ። የዘረመል ምርመራው ንጹሕ ዲንጎ መሆኑን አረጋገጠ፤ ዋንዲ የሚል ስም ተሰጥቶትም በዲንጎ መጠለያ አደገ። ግልገሉ ገና ጨቅላ ሳለ ውሻን፣ ቀበሮንና ዲንጎን በዓይን መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል።

ሕጉ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዲንጎ እንደ ማንኛውም ውሻ ሊያዝ ይችላል። በቪክቶሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኩዊንስላንድ፣ በደቡብ አውስትራሊያና በታዝማኒያ ለቤት እንስሳነት ማሳደግ ክልክል ነው። ስለዚህ ግልገሉ ከውሾቹ ጋር ከመላመዱ በፊት ባለቤቱ የአካባቢውን ሕግ ማወቅ ይኖርበታል። ከተላመደ በኋላ መለየቱ ለእንስሳውም ለሰውም ይከብዳል።

የአስተዳደጉን መልክ የሚወስነው ዕድሜው ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በ1965 ባሳተሙት ሥራቸው፣ የቤት ውሻ ቡችላ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። ከዱር የተገኘ ግልገል ፍርሃት ፈጥኖ ይጠናበታል። ዓይኑን ሳይገልጥ የመጣው ሰውን እንደ አሳዳጊ ይቀበላል፤ በራሱ መሮጥና መደበቅ ከጀመረ በኋላ የተያዘው ግን ምግብ ቢቀበልም ከእጅ እንደሸሸ ሊኖር ይችላል።

ጡት ላልተወ ግልገል የላም ወተት አይበቃውም። የውሻ ወተት ከላም ወተት ይልቅ በፕሮቲንና በቅባት የከበረ፣ ስኳሩም ያነሰ ስለሆነ ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጥቂት ሰዓቱ ይመገባል፣ ሙቀት ያለው ማደሪያም ይዘጋጅለታል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ሆዱንና ከጅራቱ ሥር ማሻሸት ያስፈልጋል፤ እናቱ በምላሷ ትሠራው የነበረው ይህ ሥራ ካልተተካ ሽንቱም ዓይነ ምድሩም አይወጣለትም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ለስላሳ ምግብ ይጀመርለታል።

ከውሾቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት የጤና ምርመራ ይቀድማል። ዲንጎ የቤት ውሻን የሚይዙት በሽታዎች ሁሉ ይይዙታል። አውስትራሊያ ከእብድ ውሻ በሽታ ነጻ ብትሆንም ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት በሽታዎች ያልተከተበ ግልገልን ይገድላሉ። ክትባቱ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይዘልቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ኢኪኖኮከስ የተባለው ጥቃቅን የኮሶ ትል ነው። ትሉ በዲንጎና በውሻ አንጀት ይኖራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ወደ በግ ወይም ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይፈጥራል። መከላከያው ሁለት ነው፤ ለውሾቹም ለዲንጎውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ መስጠት፣ የታረደ በግ ጉበትና ሳንባ ደግሞ ጥሬውን ለእነሱ አለመጣል።

የውሾቹ መንጋ በሚገባ ከተመረጠ ጥሩ አስተማሪ ነው። የተረጋጋችና ቡችሎች ያሳደገች ሴት ውሻ ለመጀመሪያ ትውውቅ ትመረጣለች። ትውውቁ በአጥር በኩል በመተያየት ይጀመራል፤ ከዚያ ምግብና አጥንት በሌለበት ክፍት ቦታ አንድ በአንድ ይገናኛሉ። ትልልቅ ውሾች ቡችላን የተወሰኑ ወራት ይታገሡታል፤ ጥርሱ ሲያይልና ጨዋታው ሲከር በማጉረምረም፣ ከዚያም በፈጣን ንክሻ መሰል ማስፈራሪያ ያርሙታል። ግልገሉ የንክሻውን ልክ የሚማረው ከእነሱ ነው። ባለቤቱ እያንዳንዱን ማጉረምረም ሊያስቆም ከሞከረ ትምህርቱን ያቋርጥበታል፤ ግልገሉ ሸሽቶ መደበቂያ እስካለው ድረስ መተው ይበጃል።

ምግብ ላይ ልዩነቱ መታየት ይጀምራል። አብዛኞቹ የቤት ውሾች ስታርች ለመፍጨት የሚረዳውን ኤ ኤም ዋይ 2 ቢ የተባለውን ጂን በብዙ ቅጂ ይይዛሉ፤ ዲንጎ ግን እንደ ተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያለው። እህል የበዛበት ደረቅ የውሻ መኖ ብቻውን አይስማማውም፤ የምግቡ ዋና ክፍል ሥጋ መሆን አለበት። ሥጋው ደግሞ ውሾቹ ፊት ሲቀርብ ጠብ ያስነሣልና ዲንጎው ለብቻው ይመገባል።

ሥልጠናም መንገዱ ይለያል። ብራድሊ ስሚዝና ካርላ ሊችፊልድ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ዲንጎዎች ከአጥር በስተኋላ የተቀመጠ ምግብን ዞረው ለማግኘት ብዙም አልተቸገሩም፤ ሰው እንዲረዳቸውም ፊታቸውን አላዞሩም። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ዲንጎ የሰውን ዓይን ከተኩላ ይልቅ አዘውትሮ፣ ከውሻ ይልቅ ግን አሳጥሮ እንደሚያይ አመልክቷል። በእርሻ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ኬልፒው ትእዛዝ ለመቀበል ባለቤቱን ሲመለከት ዲንጎው የበሩን መቀርቀሪያ ይመረምራል። ጭብጨባና ሙገሳ ውሻውን ያነሣሡታል፤ ዲንጎው የሚማረው ጥቅሙን ሲያገኝ ብቻ ነው። ቁጣና ዱላ ደግሞ ከሰው ያርቁታል እንጂ አያስተምሩትም።

ዋናው አደጋ ከብቶቹ ዘንድ ነው። የእረኛ ውሻ ሥራ በምርጫ እርባታ የተገራ አደን ነው፤ ማየት፣ ማድባትና ማባረር ሳይጠፉ መንከስና መግደል ተዳክመዋል። በዲንጎ ዘንድ ሰንሰለቱ አልተቆረጠም። ከውሾቹ ጋር ወደ በጎቹ የሄደ ዲንጎ ሩጫውን ከእነሱ ጋር ይጀምራል፤ በጉ ሲወድቅ ግን እነሱ በሚያቆሙበት አያቆምም። የተረበሸ የበግ መንጋ ውስጥ ከሚበላው በላይ ሊገድልም ይችላል። ከበግ ጠቦት ጋር አብሮ ማደጉ መተማመኛ አይሆንም፤ የሚያውቀውን ጠቦት የታገሠ ዲንጎ የሚሮጠውን በግ ላይታገሥ ይችላል። ስለዚህ ከብት በሚነዳበት ሰዓት ዲንጎው ከውሾቹ ተለይቶ ይዘጋበታል።

የመጨረሻው ፈተና ለአካለ መጠን ሲደርስ ይመጣል። የቤት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለስሪያ ስትዘጋጅ ሴት ዲንጎ የምትዘጋጀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወቅቱ በደቡብ ንፍቀ ክበብ በልግና ክረምት መግቢያ ላይ ሲሆን ግልገሎቹ ከ63 ቀን ገደማ በኋላ፣ በብዛት በክረምት ይወለዳሉ። በዚህ ወቅት ለወራት በሰላም የኖረ መንጋ ሊበጠበጥ ይችላል፤ ሴት ዲንጎ በሌሎች ሴቶች ላይ ትከፋለች፣ ወንዱም አጥር ጥሶ ለመሄድ ይሞክራል። ከውሾቹ ጋር የሚኖርን ዲንጎ ማምከን ወይም ማኮላሸት ጠቡን ይቀንሳል፤ ክልስ እንዳይወለድም ያደርጋል። መዳቀል የዱር ዝርያን የሚያሳሳ ነገር ነው። በኢትዮጵያም በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከእረኞች ውሾች ጋር መዳቀሉ ታይቷል፤ ከውሾቹ የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታም ቁጥሩን በተደጋጋሚ አመናምኖታል።

የእርሻው ተራ አጥር ዲንጎን አይዝም። የእጁ አንጓ ስለሚዞርለት ሽቦ ይወጣል፤ መሬቱንም ይቆፍራል። ማደሪያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ሥሩ በመሬት የተቀበረ ሽቦና ድርብ በር ሊኖረው ይገባል። በውስጡም ከፍታ፣ ጥላና መደበቂያ ያስፈልጉታል። ሰንሰለት ላይ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ እየተመላለሰ እንዲደክምና እንዲናደድ ያደርጋል።

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ግልገሎችን ከጉድጓድ እያወጡ ከቤተሰባቸው ጋር ማሳደግ የቆየ ልማዳቸው ነበር። ብዙዎቹ ዲንጎዎች ግን ለአካለ መጠን ሲደርሱ ለመራባት ወደ ዱር ይመለሱ ነበር። ያ ኑሮ አጥርም የበግ መንጋም አልነበረበትም፤ የዛሬው እርሻ ሁለቱም አሉበት፣ የሚመለስበት ዱርም በመርዝና በወጥመድ የተሞላ ነው።

እናቱ በሕይወት ያለችለትን ግልገል ከጉድጓዱ ማንሣት ተገቢ አይደለም። እናቱ የሞተችበትን ያገኘ ሰው አስቀድሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰደው፤ በአቅራቢያ ፈቃድ ያለው የዲንጎ መጠለያ ካለም ለዚያ ያስረክበው። በእርሻ ላይ ማሳደግ የሚገባው ሕጉ የሚፈቅድለት፣ አጥሩን አስቀድሞ የሠራ፣ ዲንጎውን ከበጎቹ ለይቶ ለመያዝና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ለመንከባከብ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ውሾቹ ለዲንጎ ጓደኝነትና ሥርዓት ሊሰጡት ይችላሉ፤ ውሻ ሊያደርጉት ግን አይችሉም።