የኦንላይን ትምህርት አሰጣጥ በሐረርና በኢትዮጵያ

የኦንላይን ትምህርት (በሌላ አጠራሩ የበይነ መረብ ትምህርት) መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍል ሳይሰበሰቡ በኢንተርኔት አማካይነት የሚካሄድ ትምህርት ነው። በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው መምህሩና ተማሪዎቹ በተወሰነ ሰዓት በቪዲዮ ወይም በድምፅ የሚገናኙበት የቀጥታ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ተማሪው የተዘጋጀለትን ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና መልመጃ በሚመቸው ጊዜ ከፍቶ የሚማርበት ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ መብራት በሚጠፋበትና የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ለተማሪ ከባድ በሆነበት አገር፣ የትኛው መልክ ለየትኛው ትምህርት እንደሚበጅ መለየት የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በዋናነት ከሐረርና ከአካባቢዋ አንጻር ይመለከታል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከሐረር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲገኝ፣ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ደግሞ በሐረር ከተማ ውስጥ ነው።

ታሪክ

የፕላዝማ ትምህርት

ኢትዮጵያ ትምህርትን በቴክኖሎጂ ከርቀት ማድረስ የጀመረችው ከኢንተርኔት በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመላ አገሪቱ በሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ተሰራጨ። ሒሳብ፣ የሳይንስ ትምህርቶችና እንግሊዝኛን የመሳሰሉት አስቀድመው ተቀርጸው በእንግሊዝኛ ይተላለፉ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ሲሆን፣ ለክፍሉ መምህር የሚቀረው መግቢያና ማጠቃለያ ብቻ ነበር።

የፕላዝማው ጥቅም የሠለጠነ መምህርና ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ጭምር አንድ ዓይነት ትምህርት ማድረሱ ነው። ድክመቱ ግን ተማሪው ባይገባውም ስርጭቱ አለመቆሙ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰኮንድ ከጠበቀ በኋላ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ተማሪው የጻፈውን የሚያይለት የለም። በስርጭቱ ሰዓት መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። በኋላ የመጣውን የኦንላይን ትምህርት ለመመዘን ይህ ልምድ ጥሩ መለኪያ ነው።

ከህንድ ጋር የተደረገው ግንኙነት

በ2004 እ.ኤ.አ. የህንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም የአፍሪካ አገሮችን ከህንድ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ ኔትወርክ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ። የሙከራ ሥራው የተካሄደው በኢትዮጵያ ነው። በትምህርት በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የመማሪያ ማዕከል ሆኑ፤ ከህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተውም የንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተሰጠባቸው። ዘዴው ከፕላዝማው የሚለየው በሁለት አቅጣጫ መሥራቱ ነው፤ ተማሪው ለሌላ አገር መምህር ጥያቄ ማቅረብ ይችል ነበር።

የኮሮና ወረርሽኝ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተላኩ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ሲደረግ ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ዙምና ሙድል የመሳሰሉት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ዋሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋረጠ። በቀጥታ ስርጭት ብቻ የተመሠረተ ትምህርት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቆማል።

ቻርልስ ሆጅስና ባልደረቦቹ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በችግር ጊዜ በጥድፊያ የሚሰጠውን «አስቸኳይ የርቀት ትምህርት» በዕቅድ ከተዘጋጀው የኦንላይን ትምህርት ለይተውታል። የክፍል ንግግርን በካሜራ ፊት መድገም የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዓላማውን፣ መልመጃውን፣ የግብረ መልስ መንገዱንና የምዘናውን ዓይነት አስቀድሞ መንደፍ ይጠይቃል።

ውጤታማ አሰጣጥ

ሦስቱ ግንኙነቶች

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር በ1989 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት ግንኙነቶችን ለየ፤ ተማሪ ከትምህርቱ ይዘት፣ ተማሪ ከመምህሩ፣ ተማሪ ከተማሪ። ፕላዝማው የሰጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ዛሬም አንድ መምህር የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ፋይል ብቻ ቢለቅበት የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ቻናል በመሠረቱ የአንድ ወገን ማሰራጫ ነውና። ለጥያቄና ለውይይት ግሩፕ፣ ለአጭር ፈተና ደግሞ የቴሌግራም የጥያቄና መልስ መሣሪያ ይረዳሉ።

የዳታ በጀት

መምህሩ ትምህርቱን ከማዘጋጀቱ በፊት ተማሪው ስንት ሜጋባይት እንደሚያወጣ ማስላት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰኮንድ የሚተላለፈው ቢት በሰኮንዶቹ ብዛት ተባዝቶ ለ8 ይካፈላል። ለ50 ደቂቃ ትምህርት፦

• በሰኮንድ 1 ሜጋቢት የሚጠቀም ቪዲዮ 375 ሜጋባይት ይፈጃል።
• በሰኮንድ 32 ኪሎቢት የሚጠቀም ድምፅ 12 ሜጋባይት ይፈጃል።
• ሥዕል የሌለው የ10 ገጽ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ16 ሳምንት በሚሰጥ ኮርስ ቪዲዮው 12 ጊጋባይት ሲሆን ድምፁ 384 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግርን በድምፅና በጽሑፍ፣ በዓይን ካልታየ የማይገባውን ደግሞ በአጭር ቪዲዮ መስጠት ያዋጣል። ለምሳሌ የነርሲንግ ተማሪ ቁስል እንዴት እንደሚታሸግ በቪዲዮ ማየት ይጠቅመዋል፤ የአንድን መድኃኒት ታሪክ ለመስማት ግን የመምህሩን ፊት ማየት አያስፈልገውም።

የቪዲዮ ርዝመት

ፊሊፕ ጉኦና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ በተባለው መድረክ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው ነበር። የቪዲዮው ርዝመት ምንም ቢሆን ተማሪዎች በተለምዶ የሚከታተሉት ከ6 ደቂቃ ያልበለጠውን እንደሆነ አገኙ። አንድን የ50 ደቂቃ ንግግር በየሐሳቡ መከፋፈል፣ በየመካከሉም ጥያቄ ማስገባት ይመከራል። አጭር ፋይል ኔትወርክ በተቆረጠ ጊዜም እንደገና ለማውረድ ይቀላል።

ማስታወስና መልመጃ

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ያጠናውን በመምህሩ ፊት በቃሉ እንደሚወጣው፣ በቁርኣን ትምህርትም የቀራውን ለአስተማሪው መልሶ እንደሚያሰማው ሁሉ፣ ተማሪው የያዘውን ማውጣቱ ራሱ ትምህርት ነው። በኦንላይን ኮርስ ይህን የሚተካው በየሳምንቱ የሚሰጥ፣ ማርኩ ትንሽ የሆነና መልሱ ወዲያው የሚታይ አጭር ጥያቄ ነው።

ሰዓትና ቀን

የኮርስ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙት የፈረንጆቹን ሰዓትና ካላንደር ነው። ስክሪኑ ላይ «2፡00 ፒ.ኤም.» የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው ብሎ የጠበቀ ተማሪ በስድስት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ማንኛውም ቀጠሮና የማስረከቢያ ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ይሻላል። በሐረር የዓርብ የጁምዓ ሶላት፣ የእሑድ ጠዋት ቅዳሴና በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት ለቀጥታ ትምህርት የማይመቹ ጊዜያት ናቸው።

ፊደልና ፋይል

በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሲሆኑ አማርኛም በሰፊው ይነገራል። ሐረሪና አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች የተተየበ ማስታወሻ በተማሪው ስልክ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፎቶ ተነሥቶ የተላከ ገጽም ፋይሉ ይከብዳል፣ ቃል አይፈለግበትም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌርም አያነበውም። በዩኒኮድ የተተየበ ጽሑፍ እነዚህን ችግሮች ያቃልላል።

መሠረተ ልማትና ተደራሽነት

በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት ጥንታዊ የሐረሪ ቤቶች (ጌ ጋር) ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚያዳክም የስልክ ኔትወርክ ከውስጥ ይልቅ በግቢው ወይም በጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ሊሻል ይችላል። ሆኖም ፀሐይ ላይ ቆሞ የአንድ ሰዓት ንግግር መከታተል አይቻልም፤ ፋይል አውርዶ ወደ ቤት መመለስ ግን ይቻላል።

ሙድል በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የተጀመረና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን ኔትወርክ ባለበት አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት ለማንበብ ያስችላል። ዩኒቨርሲቲው ሶፍትዌሩን በራሱ ሰርቨር ላይ ከጫነው ተማሪዎች በግቢው ዋይፋይ ያለ ዳታ ወጪ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ቴክኖሎጂ የማይፈታው ችግርም አለ። አንድ ስልክ ለሁለትና ለሦስት ወንድማማቾች በሚዳረስበት ቤት፣ ወይም ሴት ተማሪ ቤት ስትመለስ የቤቱ ሥራ በሚጠብቃት ጊዜ፣ «ኦንላይን አልገባችም» ማለት ሰነፍ ናት ማለት አይደለም። ለሁለት ሳምንት ድምፁ ለጠፋ ተማሪ በተራ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ትምህርቱን ከማቋረጡ በፊት የሚደርስለትም ይህ ነው።

ምዘና

መጽሐፍና ኢንተርኔት በእጁ ላለ ተማሪ «ትርጉሙን ጻፍ» የሚል ጥያቄ ዕውቀቱን አያሳይም። የተሻለው አንድን ሁኔታ ሰጥቶ ውሳኔና ምክንያት መጠየቅ ነው። ጥያቄዎችን ከጥያቄ ባንክ በዕጣ ማውጣትና ለተጠራጠሩት መልስ የአምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ በስልክ ማቅረብ ይቻላል። የማስረከቢያ ጊዜ በደቂቃ ሳይሆን በቀናት ከተሰጠ የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ የተማሪው ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም።

ገደቡ

ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ግብርናና ምህንድስና የእጅ ሥራ አላቸው። በሐረር የጤና ተማሪዎች ከሕመምተኛ አጠገብ የሚማሩትን በስክሪን መተካት አይቻልም። ለእነዚህ የሚስማማው ንድፈ ሐሳቡ በኦንላይን፣ ተግባሩ በአካል የሚሰጥበት ቅይጥ ትምህርት ነው። በዚህ መልክ የመምህሩ ውድ ሰዓት ለንግግር ሳይሆን ለልምምድና ለጥያቄ ይውላል።

አሁን ያለው ሁኔታ

ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር በመሆን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኢ-ለርኒንግ አቅም ለመገንባት ኢሺ የተባለ ፕሮግራም ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በኦንላይን ተጀመረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ተማሪው በስክሪን መሥራትን አስቀድሞ መልመድ ይጠበቅበታል። እነዚህ ሥራዎች የሚመዘኑት በተመዘገበው ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን ኮርሱን ጨርሶ ትምህርቱን በያዘው ተማሪ ብዛትም ነው።