በሬ ተሸጦ የተማረው ልጅ ወዴት ይሂድ?

በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ልጁን ለማስተማር በግ፣ ሲብስም የእርሻ በሬ ሲሸጥ መኖሩ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከጎንደር ዩኒቨርስቲ የሚመረቀውን ልጅ እንደ ቀድሞው የመንግሥት ሥራ አይጠብቀውም። ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች ገና ሳይመረቁ ሁለት ነገር ያስባሉ፤ አንደኛው ባሕር ማዶ መሄድ፣ ሁለተኛው የግል ሥራ መጀመር ነው።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ነበር። ኮሌጁ አድጎ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሲሆን የትምህርቱ ዓይነትና የተማሪው ቁጥር በዛ፤ የሥራ ቦታው ግን በዚያው ልክ አልበዛም።

ባሕር ማዶ ሄዶ መሥራት ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛ፣ የአውሮፕላንና የመድን ወጪ የአሠሪው እንዲሆን፣ ሠራተኛው የሚሸፍነውም እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ለቪዛና ለጉዞ ብሎ በሬ የሚያሸጥ ደላላ ከሕግ ውጭ ነው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያች አገር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ይበልጥ አስጊ ሆኗል።

የግል ሥራ የሚሻው ምሩቅ ደግሞ ዕውቀት ቢኖረውም መሬትና መነሻ ገንዘብ የለውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሊያግዙት የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ዘር ድንች በጨለማ ጉድጓድ ሲቀመጥ ጉንቁሉ ይረዝማል፣ ይሰባበራል። ብርሃንና አየር በሚያገኝ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ጉንቁሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። በእርሻ ትምህርት የተመረቀ ወጣት ይህን ሥራ ይዞ ለማኅበሩ አባላት ዘር ቢያቀርብ እርሱም ገቢ ያገኛል፣ ገበሬውም ከሩቅ ዘር ከመግዛት ይድናል። የእንስሳት ሕክምና የተማረም እንዲሁ።

ለዚህም መሪዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማል። በየቀበሌው ያሉትን ምሩቃን ከነሙያቸው መዝግበው መያዝ፤ ለሥራው የሚሆን ቦታ በአባላት ስብሰባ ማስወሰን፤ የተመረተውንም ዘር ማኅበሩ እንደሚገዛ አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል። ገዢ ያለው ሥራ ብድር ለመጠየቅም ይመቻል።

ልጁ መሄድን ቢመርጥ እንኳ፣ ምርጫ አጥቶ ሳይሆን አማራጩን አይቶ ይሂድ። በሬ የሸጠው አባት የደከመው ለዚሁ ነበርና።