ፊደሉ የሚያድግ መጽሐፍ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ለክረምት ስትመጣ ኪንድል የሚባለውን ይዛ መጥታ ነበር። አማዞን የተባለው ኩባንያ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

መጀመሪያ ታብሌት መስሎኝ ጌም ፈለግኩበት፤ የለውም! ስክሪኑም እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም። ውስጡ የፀጉር ዘለላ ውፍረት የሚያህሉ ብዙ እንክብሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ብናኝ አለ። ኤሌክትሪክ ጥቁሩን ወደ ላይ ሲያመጣው ፊደል ይሆናል፣ ነጩን ሲያወጣው ደግሞ ወረቀት ይመስላል። ገጹ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ፊደሉን ለማቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ለዚህ ነው አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት የሚቆየው። መብራት ቢጠፋም ችግር የለም።

ወንድሜ የወደደው መዝገበ ቃላቱን ነው፤ ያልገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ጫን ሲለው ትርጉሙ ይመጣለታል። እኔ ግን የምመርጠው ፊደሉን ትልቅ ማድረግ መቻሉን ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የማነበው አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ነው፤ ልጆች «ታሸቺዋለሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። በኪንድሉ ግን ፊደሉን አሳደግኩና ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አነበብኩ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ! አክስቴ ይህን አይታ ለእናቴ ነገረቻት፤ አሁን ለዓይን ምርመራ ቀጠሮ ተይዞልኛል።

ኪንድሉን አክስቴ ይዛው ተመለሰች። ይህን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ለዚያ ነው፤ የክበባችን ልጆች ወረቀት ጨረሰች ብላችሁ እንዳትቆጡኝ።