ከቁጥር የማይገባው የቤተሰብ አባል፡ ቤተሰብ ሲለወጥ ውሻ ለልጆች ምን ይጠቅማል?

ባልና ሚስት ሲፋቱ በሬው፣ ላሟና በጎቹ በሽማግሌዎች ፊት ተቆጥረው ይከፋፈላሉ። ደጅ ላይ የተኛውን ውሻ ግን የሚቆጥረው የለም። ከብት ሲጠብቅ ከውሻው ጋር ለሚውለው ልጅ ግን ከቤቱ ያልተለወጠለት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በገጠር ቤተሰብን የሚለውጠው ፍቺ ብቻ አይደለም። እናት ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገር ትሄዳለች፤ አባት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ይወርዳል፤ ልጅም ወደ አያቱ ቤት ይዛወራል። አዋቂዎች ስለ ገንዘብና ስለ መሬት ሲመክሩ ልጁ ዝም ይላል፤ ዝምታውም «ለምዶታል» ተብሎ ይታለፋል።

ውሻ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ጥቅም ከሦስት ነገሮች ይመነጫል። የመጀመሪያው የዕለት ልማድ ነው። ውሻው ጠዋት ምግቡን ይጠብቃል፣ ከብቶቹ ሲሰማሩ ይከተላል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሮጦ ይቀበለዋል። ብዙ ነገር በተናጋበት ቤት፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ የሚደገም ነገር መኖሩ ያረጋጋል። ሁለተኛው ኃላፊነት ነው። በቤተሰቡ ውሳኔ ላይ ድምፅ ያልነበረው ልጅ፣ የእርሱን እጅ የሚጠብቅ ፍጡር እንዳለ ያውቃል።

ሦስተኛው ከሰውነት አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ ሆርሞን በእናትና በሕፃን መካከል ባለው ትስስርም ድርሻ አለው።

ይሁን እንጂ ውሻ የአዋቂን ቦታ አይተካም። ማን እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ፣ ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደሚኖር ልጁ መስማት ያለበት ከቤተሰቡ አንደበት ነው።

ቅርርቡ ጥንቃቄንም ይጠይቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ስለዚህ የልጁን ጓደኛ በየጊዜው ማስከተብ ልጁን መጠበቅ ነው። ንክሻ ካጋጠመ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ቤተሰብ ሲለያይ ወይም ቦታ ሲቀይር የውሻው ነገር አስቀድሞ ሊነሳ ይገባል። ልጁ ይዞት መሄድ ከቻለ መልካም ነው። ካልቻለም ውሻው ማን ዘንድ እንደሚቀር ይነገረው፤ ሳይሰናበተው እንዲሄድ አይደረግ። ወላጅ ለራቀበት ልጅ ውሻውን በድንገት ማጣት ሁለተኛ መለያየት ነውና፣ በጎቹ በሚቆጠሩበት ዕለት ውሻውም ይቆጠር።