ምች የተባለ ሁሉ ምች አይደለም

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት መንደሮች አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ከንፈሩ ሲቈስል ሕዝቡ «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴም ጨምቆ ያጠጣዋል፣ ገላውንም ያሸዋል። በከንፈር ዳር የሚወጣው ትንሽ ቍስል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚድን ስለ ሆነ ልማዱ የሚያስከትለው ጕዳት እምብዛም አይደለም። ነገር ግን ምች መስሎ የሚጀምር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ለሞት የሚያደርስ ሌላ ሕመም አለ። ይኸውም ሰውነት የተወሰደውን መድኀኒት ሲቈጣ የሚመጣው የቆዳና የአፍ ሕመም ነው። በዚህ ወር ለክቡራን መምህራንና ለከተማው አንባቢዎች ይህንኑ ልንገልጽ አስበናል።

ሕመሙ ስቲቨንስና ጆንሰን በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም ይጠራል፤ እነርሱ በ1922 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በሁለት ልጆች ላይ አይተው ጽፈውታልና። ሲጀምር ጕንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት፣ የጕሮሮ ሕመምና የዐይን መቈጥቈጥ ይታያል። ጥቂት ቀን ቈይቶ በፊትና በደረት ላይ የቀላ ወይም የጠቈረ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ቆዳውም በእሳት እንደ ተቃጠለ ይገፈፋል። ከንፈር፣ የአፍ ውስጥ፣ ዐይንና ብልት ይቈስላሉ፤ በሽተኛው ምራቁን መዋጥ እንኳ ያቅተዋል። የተገፈፈው ቆዳ ከገላው ከመቶ 10 እጅ በታች ሲሆን ከ100 በሽተኞች ከ5 እስከ 10 የሚደርሱት ይሞታሉ፤ ከመቶ 30 እጅ ካለፈ ግን ከሦስት አንዱ ያህል ይሞታል። ከሞት የተረፉትም ዐይናቸው በጠባሳ ሊታወር ይችላል።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ሕመም ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። አንደኛው ምክንያት ቫይረሱ የሰውነትን የመከላከል ሥርዐት ማዛባቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ የሚባሉት መድኀኒቶች ለእነርሱ አዘውትረው የሚሰጡ መሆናቸው ነው። በአገራችን የጸረ ኤች አይ ቪ መድኀኒት በነጻ መታደል በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ብዙዎች ይወስዱት ከነበረው አንዱ ኔቪራፒን ነበር። ይህ መድኀኒት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ሆኖም ከ1000 ወሳጆች በ3ቱ ያህል ላይ ከባዱን የቆዳ ሕመም ያስነሣ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ግማሹን መጠን ብቻ ያዝዙ ነበር። ዛሬ አዋቂዎች በቅድሚያ የሚታዘዝላቸው ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ስለ ሆነ አደጋው እጅግ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። ከእርሱ ጋር የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ይህንኑ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ቀድሞ በቆላ ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር ተቈጥቶት የነበረ ሰው ኮትሪሞክሳዞል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሁለቱ መድኀኒቶች ዘመዳሞች ናቸውና።

ይሁንና ከመድኀኒቱ ይልቅ የሚገድለው መዘግየት ነው። ብዙ ሰው ክኒኑን ከቤተ ሰቡ ሸሽጎ ይወስዳል። ሽፍታው ሲወጣበት ቤተ ዘመድ መድኀኒት መጀመሩን ስለማያውቅ «ምች ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ በሽተኛውም ምስጢሩ እንዳይገለጥ ዝም ይላል፤ ማታም ያንኑ ክኒን ይደግማል። በዚህም ሰውነቱ የተቈጣውን ነገር በየቀኑ ይጨምርበታል። በሌላ በኩል የአንዱን መታመም የሰማ ጎረቤት «መድኀኒቱ ገዳይ ነው» ብሎ የራሱን ቢያቋርጥ፣ ጥቂቶችን ብቻ ከሚነካ አደጋ ሸሽቶ ወደማይቀር አደጋ መሄዱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ/ አዲስ መድኀኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ውስጥ የሚወጣን ማናቸውንም ሽፍታ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

2ኛ/ ሽፍታው ቀላል ከሆነ፣ ትኩሳትና የአፍ ቍስልም ከሌለ፣ ሳይመረመሩ መድኀኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

3ኛ/ ከሽፍታው ጋር ትኩሳት፣ የአፍ ወይም የዐይን ቍስል፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የሚገፈፍ ቆዳ ከታየ ግን የሚቀጥለውን ክኒን ሳይወስዱ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የመድኀኒቶቹ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይወሰድ፤ ሐኪሙ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በእርሱ ነውና።

4ኛ/ ቆዳው የተገፈፈ ሰው የገላው ሙቀትና ውሃ ቶሎ ያልቃል፤ በደጋው ብርድ በቃሬዛ ሲወሰድ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ ጋቢ ይደረብለት። መዋጥ ከቻለም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። የቋጠረውን ማፍረጥ፣ ቅቤም ሆነ የዕፅ ጭማቂ መቀባት ክልክል ነው።

5ኛ/ የዳነ ሰው የተቈጣውን መድኀኒት ስም አጽፎ ይያዝ፤ ያንን መድኀኒት በሕይወቱ ሁሉ ዳግመኛ መውሰድ የለበትም። በምትኩ ሐኪሙ ሌላ ይመርጥለታል እንጂ ሕክምናው በዚያ አይቀርም።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ከናንተ የምንጠብቀው የማንንም ምስጢር እንድትመረምሩ አይደለም። አፉ ቈስሎና ፊቱ ጠቋቍሮ ያያችሁትን ሰው ለብቻው ወስዳችሁ «አዲስ መድኀኒት ጀምረሃልን?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ስሙንም ሳትጠይቁ ወደ ሐኪም ብታመለክቱት ይበቃል። ይህችን አንዲት ጥያቄ በጊዜዋ የጠየቀ ሰው ዐይንንም ነፍስንም ሊያድን ይችላል።