ሜዲስን መግባትና አለመግባት፦ ስድስት ተረቶችና እውነታቸው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ልጁ ሐኪም ይሆንለት ዘንድ የማይመኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ታማሚ ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ስለ ሜዲስን መግቢያ በየቤቱ የሚወራው ግን አብዛኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ተማሪውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ሲዘጋጅ ያዘናጋዋል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ያለ ጥፋቱ ያሸማቅቀዋል።

ተረት 1፦ «12ኛ ክፍል ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ሜዲስን ገባ ማለት ነው።»

እውነታ፦ ገና አልገባም። ብሔራዊ ፈተናው የሚያስገባው ዩኒቨርሲቲ ነው። የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሜዲስንን የሚመርጠው ግቢ ገብቶ ከተማረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የፍሬሽማን አማካይ ነጥቡ (ጂፒኤው) ከፈተናው ውጤት ጋር ተደምሮ ይታያል። ሒሳቡ ጨካኝ ነው። በሴሚስተሩ 18 ክሬዲት የወሰደ ልጅ በሁሉም ኤ ቢያመጣ ጂፒኤው 4.0 ይሆናል። በአንዲት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቢ ከመጣበት ወደ 3.83 ይወርዳል። ያቺ ኮርስ ደግሞ የግድ ባዮሎጂ አይደለችም፤ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ሎጂክ ልትሆን ትችላለች። «ይሄ ለሐኪም ምን ያደርግለታል?» ተብላ የተናቀች ኮርስ ከሰልፉ ታስወጣለች።

ተረት 2፦ «የትም ቢመደብ ያው ነው።»

እውነታ፦ ያው አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤት የሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ያላቸውም የሚቀበሉት ቁጥር ይለያያል። በአንዱ ግቢ ሜዲስን ያስገባ ነጥብ በሌላው ላያስገባ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት እዚያ የሚማር የአገር ልጅ ፈልጎ መጠየቅ ይጠቅማል፦ ሜዲስን አለ? አምና ስንት ተማሪ ተቀበለ? የመጨረሻው የገባ ስንት ነበረው? ለፈተናው ስንት፣ ለጂፒኤው ስንት በመቶ ይያዛል? ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ልጆች ቅርብ የሆነው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ ሜዲስን ያስተምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ጭምር ስለሚመዝን ለብቻው ዝግጅት ይጠይቃል።

ተረት 3፦ «የገጠር ልጅ ሜዲስን አይሆንለትም።»

እውነታ፦ መልሱን የሚያርመው ማሽን ተፈታኙ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ዝግጅቱ ግን እኩል አይደለም፤ ይህን መሸፋፈን ለማንም አይበጅም። ፈተናው ራሱም ለሁሉም ከብዷል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በተዛወረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመላው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በአማራ ክልል ጦርነትና የትምህርት ቤት መዘጋት ታክሎበታል።

ክፍተቱን ለመድፈን ዋጋው ትንሽ የሆነ መንገድ አለ። የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፤ ከዚያ ለተሳሳተው ጥያቄ ሁሉ ምክንያቱን በደብተር መጻፍ፦ «ትምህርቱን አላውቀውም»፣ «እንግሊዝኛው አልገባኝም»፣ «ሰዓት አጠረኝ»። ሦስቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ባዮሎጂውን በደንብ እያወቀ በእንግሊዝኛው የሚሸነፍ ልጅ ባዮሎጂ ቢደጋግም ለውጥ አያመጣም፤ በየቀኑ ጥቂት ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ይሻለዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮምፒውተር መፈተን ስለተጀመረ ማውዝ መልመድም ለፈተናው ዕለት የሚተው ነገር አይደለም።

ተረት 4፦ «ሰው ካለህ ይገባልሃል።»

እውነታ፦ ድልድሉ የሚሠራው በነጥብ ቅደም ተከተል ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልል ተማሪዎች የሚደረገው ልዩ ድጋፍም በይፋ በታወቀ መስፈርት የሚሰጥ እንጂ በዘመድ የሚገኝ አይደለም። «ሜዲስን አስገባለሁ» ለሚል ደላላ በግ ሸጦ ከመክፈል ያንኑ ብር ለማጣቀሻ መጽሐፍ ማዋል ይሻላል። ነጥቡ በስህተት ተመዝግቦብኛል የሚል ተማሪ ቅሬታውን በጽሑፍ ለሬጅስትራር ያቅርብ፤ የቅሬታ ጊዜ አጭር ስለሆነ ነገ ማለት አያዋጣም።

ተረት 5፦ «ከሜዲስን ውጭ ያለው ትርፍራፊ ነው።»

እውነታ፦ ጎንደር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን አስተምሯል፤ ሐኪም ባልደረሰበት አገር ሕዝቡን ሲያክሙ የኖሩት እነሱ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና የሚማሩበት ፕሮግራም ተጀመረ፤ የታሰበውም ስፔሻሊስት ለማይደርስባቸው ሆስፒታሎች ነው። ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት የሚያድናት ባለሙያ «ዶክተር» ላይባል ይችላል። ሰመመን ሰጪውና አዋላጇ በሌሉበትም ቀዶ ሕክምናው አይታሰብም።

ዘግይቶ የተከፈተ በርም ታይቷል፤ በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት ዲግሪ የያዙ ባለሙያዎች ሜዲስን እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። ሜዲስን የገቡትም ቢሆኑ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም፤ በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. ሐኪሞች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ በይፋ ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫ ቅጹን ለመሙላት ያህል የሚጻፍ መሆን የለበትም።

ተረት 6፦ «ያልደረሰው ስለሰነፈ ነው።»

እውነታ፦ ወንበሩ የተቆጠረ ነው። አንድ ግቢ 100 ተማሪ ከወሰደ 101ኛው፣ ከመቶኛው በሽርፍራፊ ነጥብ ቢያንስም፣ ይቀራል። ፍሬሽማን የደረሰ ልጅ ደግሞ ብዙዎች የቀሩበትን ፈተና ያለፈ ነው። ማለፊያውን ያላገኘ ተማሪም ጨርሶ አልተዘጋበትም፤ በግል ተመዝግቦ ዳግም መፈተን ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ የሚወሰነውን ነጥብ ላሟሉ የሪሜዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ተጀምሯል።

ከባዱ ወሬው ነው። ውጤት በወጣ ማግስት ጎረቤቱ «ዶክተር» ብሎ የጠራው ልጅ ሜዲስን ሳይደርሰው ሲቀር ጥምቀትን አገሩ ለማክበር ይሳቀቃል፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ቤተሰብ ሊያግዝ ከፈለገ ማዕረጉን ለምረቃው ያቆየው፤ ከእገሌ ልጅ ጋርም አያወዳድረው። ተማሪው በበኩሉ ዜናውን ራሱ ደውሎ ቢናገር ከሰው አፍ ከመሰማቱ ይቀላል፤ ባዘነበት ሰዓት ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ባይሞላም መልካም ነው። ለጥቂት ቀናት ማዘን ያለ ነው። እንቅልፉ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከሰው ከራቀ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን «ያልፍለታል» ብሎ መተው አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉት ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።