የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ፤ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አጥኚ አንጻር

1. መግቢያ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኤሌክትሮኒክ መጽሔቶቹን የሚያስተዳድርበትን ሶፍትዌር ሲመርጥ ውሳኔው የቤተ መጻሕፍትና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ተደርጎ ይታያል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን አስተያየት ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ሲጠየቅም «ይህ የእኛ ሙያ አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምርጫው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ማሳየትና አጥኚው በምርጫው ጊዜ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ማመልከት ነው።

ጉዳዩ ለዚህ ጸሐፊ ግልጽ የሆነው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ተማሪዋ በመረጠችው አካባቢ የሠርግ ዘፈኖች ላይ ከዚያ ቀደም የተሠራ ጥናት እንደሌለ በጥናቷ ዳራ ላይ ገልጻ ነበር። ጥናቱ ግን ነበር፤ ያውም በቤተ መጻሕፍቱ የኤሌክትሮኒክ ስብስብ ውስጥ። እርሷ የፈለገችው «ሰርግ» ብላ ሲሆን መዝገቡ የሚለው «ሠርግ» ነው። አባባሏን ሳይመረምር የተቀበለው አማካሪዋም ይኸው ጸሐፊ ነበር።

2. የሶፍትዌሩ ተግባራት

የታተመ መጽሔት ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ከዋለ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ነው። ኤሌክትሮኒክ መጽሔት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በአሳታሚው ወይም በአቅራቢው ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው የማንበብ ፈቃድን ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሚያስተዳድረው ዕቃን ሳይሆን ፈቃድን፣ ጊዜንና አድራሻን ነው ማለት ይቻላል። ተግባራቱም በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የትኛው መጽሔት፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ቅጽ፣ በየትኛው አቅራቢ በኩል እንደሚገኝ የሚያሳይ ዝርዝር መያዝ ነው። አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. የተባለው ባለ 8 ቦታ የመጽሔት መለያ ቁጥር የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው አንባቢውን ከማጣቀሻ ወደ ሙሉው ጽሑፍ ማድረስ ነው። ይህን የሚሠራው አገናኝ ፕሮግራም መነሻው በቤልጂግ አገር በጌንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተካሄደ ምርምር ሲሆን፣ መጽሔቱን በመለያ ቁጥር፣ በዓመት፣ በቅጽና በገጽ እያመሳከረ ይሠራል። ሦስተኛው ውልን መከታተል ነው፤ ይኸውም ዋጋውን፣ የእድሳቱን ቀንና ውሉ ሲቋረጥ ገንዘብ የተከፈለባቸው የቆዩ ቅጾች መነበባቸው መቀጠል አለመቀጠሉን መመዝገብ ማለት ነው። አራተኛው የአንባቢውን አጠቃቀም መቁጠር ነው። ለዚህም ካውንተር የተባለው ዓለም አቀፍ የአቆጣጠር ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይሠራበታል።

ሁለተኛውና አራተኛው ተግባር የተያያዙ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በፍለጋ ያልተገኘ ጽሑፍ አይነበብም፤ ያልተነበበ ጽሑፍ አይቆጠርም። በጀት ሲጠብ ደግሞ ከዝርዝሩ የሚሰረዘው በቁጥሩ ዝቅ ያለው መጽሔት ነው። የፍለጋ ጉድለት በዚህ መንገድ «አንባቢ የለውም» የሚል ማስረጃ ይሆናል።

3. ከአማርኛ ጽሑፍ ጠባይ የሚመነጩ መመዘኛዎች

3.1 ሞክሼ ፊደላት። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ስያሜ እንውሰድ። የ«ሥ» ቦታ በሁለት፣ የ«ጽ» ቦታ በሁለት፣ የ«ሑ» ቦታ በሦስት ሞክሼዎች ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው ወይም ተጋጥመው መጻፋቸው ሲታከል 24 ይደርሳል። ሞክሼዎችን እንደ አንድ የማይቆጥር ሶፍትዌር ከ24ቱ አንዱን ብቻ ያወጣል። ይሁንና አቻነቱ በፍለጋው ላይ እንጂ በመዝገቡ ላይ መደረግ የለበትም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌላውን ወሰደ ማለት ስለሆነ የመዝገቡን ፊደል አንድ ወጥ ማድረግ ለጥንታዊ ጽሑፎች አጥኚ ጥፋት ነው።

3.2 የስም አመዘጋገብ። በውጭ አገር የተሠሩ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ። በዚህ አሠራር ሀዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ይሆናሉ፤ ማለትም ደራሲው በአባታቸው ስም ይመዘገባሉ። «ሀዲስ» እና «ሐዲስ»፣ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» የሚሉት አጻጻፎች ሲጨመሩ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በብዙ ስም ሥር ይበተናሉ።

3.3 የዘመን አቆጣጠር። በ1985 ዓ.ም. የታተመ መጽሔት እንደ ወሩ እ.ኤ.አ. በ1992 ወይም በ1993 ይውላል። ሶፍትዌሩ አንድ የዓመት ቦታ ብቻ ካለው አንዱ መዝጋቢ 1985፣ ሌላው 1993 ይጽፋል፤ በዓመት የሚያመሳክረው አገናኝ ፕሮግራምም ጽሑፉን ሊስተው ይችላል።

3.4 የፊደሉ አቀማመጥ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ይሠራባቸው የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች ፊደላቱን በላቲን ፊደል ኮዶች ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ፣ ለፍለጋ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጡ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር አይታደጋቸውም።

4. የንግድ ወይስ የነፃ?

የንግድ ሶፍትዌሮች ዋና ጥቅም በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ዝርዝር አቅራቢው ራሱ እያደሰ ማቅረቡ ነው። ሆኖም ዝርዝሩ ትልልቅ አሳታሚዎችን እንጂ በአማርኛ የሚታተሙትን ይሸፍናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከነፃዎቹ መካከል በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ኮሃ የኤሌክትሮኒክ ስብስብ ማስተዳደሪያ ክፍል በ2022 ታክሎበታል። ኮራል በአሜሪካ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን ትኩረቱ በፈቃድና በውል ክትትል ላይ ነው። የነፃ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ሊለወጥ መቻሉ ነው፤ ለምሳሌ በኮሃ የፍለጋ ክፍል ውስጥ የሞክሼ ፊደላትን የአቻነት ሰንጠረዥ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ነፃ ማለት ያለ ወጪ ማለት አይደለም። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጅ የቋንቋ ባለሙያና ሥርዓቱን የሚጠብቅ ቋሚ ሠራተኛ ከሌለ ሶፍትዌሩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ጥያቄ መታለፍ የለበትም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ነገ ሶፍትዌሩን ቢቀይር መዝገቦቹን በሙሉ ይዞ መውጣት ይችላል ወይ? ይህ በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ የዓመታት የምዝገባ ድካም የአቅራቢው መያዣ ሆኖ ይቀራል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ምርጫው የዋጋና የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጥናት ለቀጣዩ አጥኚ ይደርሳል የሚለውንም ይወስናል። ስለሆነም የሚከተለው ቀላል ፈተና ከውሉ በፊት ቢደረግ ጠቃሚ ነው። የትምህርት ክፍሉ በስብስቡ ውስጥ መኖራቸውን የሚያውቃቸውን 20 ያህል የአማርኛ ጽሑፎች ይምረጥ። ከእነዚህ ውስጥ ሞክሼ ፊደላት የበዛባቸው፣ በዓመተ ምሕረት የተመዘገቡና በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየቡ ይኑሩበት። ከዚያም ርእሶቹን አስቀድመው የማያውቁ ተማሪዎች ስለ ጉዳዩ በራሳቸው አጻጻፍ ይፈልጉ። ሳይገኙ የቀሩት ጽሑፎች ቁጥር ከሻጩ መግለጫ ይልቅ ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ ይናገራል። ፈተናው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሳይደረግ ቢቀር ግን «ከዚህ ቀደም ጥናት አልተሠራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እየተደጋገመ ይኖራል።